የየኔታ ማሽላና ወፍ ጠባቂዎቹ

የኔታ ወደ ቆላችን የወረዱት በጣልያን ጊዜ ነው። የደብረ ሲናን ቁልቁለት በእግራቸው ወርደው፣ የቆዳ አቅማዳቸውን በትከሻቸው አንጠልጥለው ሰፈራችን ሲደርሱ መጀመሪያ የለመኑት ውኃ ነው፤ ቀጥለው ጥላ። ውኃውን እናቴ ሰጠቻቸው፤ ጥላውን የሮቃው ዛፍ። ደጋ የለመዱ ሰው ናቸውና ፊታቸው በርበሬ መስሎ ነበር።

«እዚህ አገር ሰው እንዴት ነው የሚኖረው?» ብለው ጠየቁ።

«በላብ ነዋ አባቴ፤ ይለምዱታል» አለቻቸው እናቴ።

ለመዱት። ከጦርነቱ በፊት ደጋ ላይ ልጆች ያስተምሩ ነበር። ጣልያን ሲገባ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፤ የተማረ ሰው ሁሉ በክፉ ዓይን ይታይ ስለነበር ማንም ወደማያውቃቸው አገር ሸሹ። ይህን የነገሩን ግን በኋላ ነው። ያን ቀን ያሉት፣ «ፊደል ማስቆጠር እችላለሁ፤ ሌላ ሥራ አላውቅም» ብቻ ነው።

ሰፈራችን ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብሎ፣ ከሮቢ ወንዝ ዳር ነው። እኛ እስላሞች ነን፤ ከወንዙ ማዶ ያሉት ክርስቲያኖች። ወንዛችን አንድ፣ ገበያችን አንድ፣ ማሽላችንን የሚበላው ወፍም አንድ ነው። ጣልያን ትልቁን መንገድ ሲያወርድ ወረቀት አብሮ ወረደ። መንገድ ሥራ የሚወጣ ሰው ወረቀት ይሰጠዋል፣ ወደ ካራቆሬ በቅሎ ጭኖ የሚያልፍ ወረቀት ይጠየቃል። አባቶቻችን ምን እንደተጻፈበት ሳያውቁ ጣታቸውን ያትሙ ነበር። ስለዚህ የኔታ ፊደል አውቃለሁ ሲሉ ሽማግሌዎቹ ተያዩ።

የሰፈራችን ቁርአን አቅሪ የነበሩት ሼኹ ናቸው ነገሩን ያነሱት። «ቁርአኑን እኔ አቀራለሁ፤ የአማርኛውን እኚህ ሰው ያስተምሩልን። የሃይማኖት ነገር ግን ከፊደሉ ጋር እንዳይገባ» አሉ። የኔታም ተስማሙ።

የቀረው አስተማሪውን የሚያበላው ማን ነው የሚለው ነበር። በየተራ በየቤቱ እንዲበሉ ማድረግ ለማኝ ማስመሰል ነው ተባለ። ስለዚህ መሬት ተፈልጎ፣ ሁሉም ያለውን አዋጥቶ፣ ማሽላ ይዘራላቸው ተባለ። ማን ምን ይስጥ የሚለውን ለመቁረጥ ሮቃው ሥር ተሰበሰቡ። በዚያ ዘመን ሰው ሰብሰብ ብሎ ከታየ ባንዳው «ምን ትዶልታላችሁ?» ማለቱ አይቀርም። ስለዚህ ዱአ እናደርጋለን ብለው ነው የተቀመጡት። ክርስቲያኖቹም ተሻግረው አብረው ተቀመጡ፤ አሚን ማለት ማንንም ከሃይማኖቱ አያወጣም።

ሼኹ ከወንዙ ዳር ያለ መሬታቸውን ሰጡ። ከማዶ አንድ ባለብዙ በሬ ገበሬ ነበሩ፤ እኛ ልጆች ጋሼ እንላቸዋለን። እሳቸው ጥማዳቸውን ሰጡ። ሌላው ለአረም ደቦ እወጣለሁ አለ፣ ሌላው ለአጨዳ። የሰጠ ሰው ሁሉ ልጁ ይማራል ተባለ። ዘሩ ከሴቶች ይውጣ ተባለ። ሴቶቹ ግን እዚያ አልነበሩም፤ እናቴ ከአጥሩ ጀርባ ቆማ ነው የሰማችው፤ እኔም ቀሚሷን ይዤ።

ከዚያ የትኛው ማሽላ ይዘራ የሚለው መጣ። ነጩ ማሽላ ጣፋጭ ነው፤ እንጀራው ይለሰልሳል፤ ግን ወፍ ይወደዋል። ጥቁር ቀይ የሆነው ዘንጋዳ መራራ ስለሆነ ወፍ አይነካውም፤ ማንም ሳይጠብቀው ይደርሳል። ይህን የማያውቅ ሰው በዚያ ጥላ ሥር አልነበረም። ግን ማን ደፍሮ ይናገር? ዘንጋዳ ያለ ሰው ስስታም ሊባል ነው።

«ለአስተማሪያችን ነጩ ነው እንጂ!» አሉ ሼኹ። «ቆላዎች ለእንግዳ ዘንጋዳ ዘሩ ይባልብን?»

«ኧረ ነውር ነው!» አሉ ጋሼ።

«ነውር ነው፣ ነውር ነው» ብሎ ሁሉም አጀበ። እናቴ እንኳን ከአጥሩ ጀርባ ራሷን ነቀነቀች። የኔታ «እኔ የሰጣችሁኝን እበላለሁ» ቢሉም የሚሰማቸው አልነበረም። ዱአ ተደረገና ተበተኑ። መሬቱ፣ በሬው፣ አረሙ፣ አጨዳው፣ ሁሉም ባለቤት አገኘ። ወፉ ብቻ ቀረ።

ማሽላው ከሰው ቁመት አልፎ አደገ። የኔታ ወንዶቹን ልጆች ሮቃው ሥር ሰብስበው ማስተማር ጀመሩ፤ ታላቅ ወንድሜም ከነሱ አንዱ ነው። ቤት ሲመጣ ከሰል ይዞ ግድግዳ ላይ ይሞነጭራል። «ይህ ምንድነው?» ስለው «አታውቂውም» ይለኛል። ይህች አታውቂውም የምትል ቃል እንደ እሾህ ትወጋኝ ነበር።

እሸቱ ወተት ሲይዝ ግሪሳው መጣ። ግሪሳን ያላየ ሰው ወፍ አየሁ አይበል። ሰማይ ላይ እንደ ጭስ እየተጠቀለለ ይመጣና ማሽላው ላይ ሲወርድ ዝናብ የወረደ ይመስላል። ሲነሣ አገዳው ብቻ ይቀራል። የየኔታ ማሽላ ወንዝ ዳር ስለሆነ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ነው።

ያን ጊዜ ሽማግሌዎቹ ደነገጡ። ግን ብዙ አልተጨነቁም፤ «ሴቶቹ ልጆች ይጠብቁ» አሉ፤ አለቀ። የጠየቀን የለም። አንድ ማለዳ እናቴ ቀሰቀሰችኝና ወንጭፍ ሰጥታ ወደ ማማው ላከችኝ። ማማ ማለት በእንጨት የተሠራ ከፍ ያለ መቆሚያ ነው፤ እላዩ ላይ ወጥተሽ ማሳውን ቁልቁል እያየሽ ትጮኺያለሽ፣ በወንጭፍ ድንጋይ ትወረውሪያለሽ። በማሳው በዚያኛው ጫፍ ሌላ ማማ ነበር፤ እዚያ ላይ ከማዶ የመጣች አንዲት የክርስቲያን ልጅ ቆማለች። ጓደኛዬ የሆነችው እዚያው ላይ ነው። ፊቷን ከማየቴ በፊት ድምፅዋን አወቅሁት።

ማማው ላይ ሥራው አያስከፋም። ነፋስ አለ፣ ጥንቅሽ ይታኘካል፣ እንደ ልብ ይጮኻል። እኔን ያቃጠለኝ ሌላ ነው። ሮቃው ከማሳው ብዙ አይርቅም። ነፋሱ ሲዞር የወንዶቹ ድምፅ ይመጣል፤ «ሀ ሁ ሂ» ይላሉ። ጆሮዬን ሳቆም ወፉ ይወርዳል፤ ወፉን ሳባርር ፊደሉ ያመልጠኛል። አንድ ቀን ወንድሜ በማሳው በኩል ሲያልፍ ቀና ብሎ አየኝና፣

«አደራ ደህና ጠብቂ፤ አስተማሪያችን እንዳይራቡብን» አለኝ።

አስተማሪያችን! ወንጭፌን አነሣሁ፣ ግን አልወረወርኩም። ይልቅ ወደዚያኛው ማማ ጮህኩ፤

«አንቺ! ሰማሽው?»

«ሰማሁት!»

«መሬት የሰጡት ልጃቸው ይማራል። በሬ የሰጡት ልጃቸው ይማራል። እኛስ?»

«እኛማ ጉሮሮአችን ይደርቃል!»

«እንውረድ!»

«ወፉስ?»

«ወፉ ይብላዋ!»

ወረድን። ሌሎቹ ሴቶች ልጆችም ከየማሳው ጫፍ ሲያዩን ወረዱ። ወንጭፋችንን በአንገታችን አድርገን ወደ ሮቃው ሄድን። ከኋላችን ግሪሳው ሲያርፍ ይሰማል። የሚገርመው፣ ፈርቼ አልነበረም፤ ሆዴ ውስጥ ዘፈን ነበረ።

ሼኹና ጋሼ ጥላው ሥር ነበሩ። የኔታ እንጨት በእጃቸው ይዘው አፈሩ ላይ ይጽፋሉ። ሼኹ ሲያዩን ተነሡ።

«ማሳውን ለማን ትታችሁ መጣችሁ?»

«ለማንም አባባ» አልኩ።

«ወፉ ሊጨርሰው ነው እኮ!»

«ይጨርሰዋል።»

ጋሼ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። «ይቺ ልጅ ምላሷ ከወንጭፏ ይረዝማል!» አሉ።

«ምን ፈልገሽ ነው?» አሉኝ ሼኹ።

«የሰጠ ሰው ሁሉ ልጁ ይማራል ተብሏል። እኛም ሰጥተናል።»

«ምን ሰጣችሁ?»

«ያለ እኛ ማሽላው አለ?»

ከዚያ ከወንዶቹ ልጆች አንዱ «ጥንቅሽ ታኝኩ የለ!» አለና ሁሉም አውካኩ።

«ጥንቅሹን አንተ ውሰደው፤ ፊደሉን ለእኔ ስጠኝ» አልኩት። ያን ጊዜ የኔታም ሳቁ።

«ሴት ልጅ ፊደል ምን ያደርግላታል?» አሉ ሼኹ፤ ቁጣቸው ግን ላላ ብሏል።

«ለወንድሜስ ምን ያደርግለታል?»

«ወረቀት ያነባል። ጣልያን እንዳያታልለው።»

«እኔን ጣልያን አያታልለኝም?»

በዚህ መካከል እናቶቻችን ጩኸት ሰምተው ደረሱ። እናቴ ጆሮዬን ልትቆነጥጥ ነበር የመጣችው፤ ክንዴን ያዘችኝ። ግን ነገሩን ስትሰማ ያዘችኝ እንጂ አልቆነጠጠችኝም።

«ሼኽ፣ ያ ዘር የማን ነው?» አለች።

«የእናንተ ነዋ።»

«ሲዘራ ጠየቃችሁን?»

«አልጠየቅንም።»

«ስታስጠብቁስ እነዚህን ጠየቃችሁ?»

«ወላሂ አልጠየቅንም» አሉ ሼኹ። ሰውየው ቁጡ ናቸው፤ ግን ውሸት አያውቁም።

ቀጥሎ የመጣው ክርክር ረጅም ነው። ጋሼ ሴቶቹ እዚህ ከተቀመጡ ማሳውን ማን ይጠብቃል አሉ። ወንዶቹ በተራ ይውጡ ተባለ፤ ወንዶቹ ልጆች አጉረመረሙ፤ ወንድሜ «ወንጭፍ አልችልም» አለ፤ እውነቱን ነው፣ አይችልም። አንዱ ማሽላው ይታጨድ አለ፤ ሌላው ገና ውኃ ነው አለ። ነገሩ እየተወሳሰበ ሄዶ ሰው ሁሉ ሲደክም፣ እስከዚያ ድረስ ቃል ያልተነፈሰችው ጓደኛዬ ተናገረች።

«እኛ መምጣት ካልቻልን እሳቸው ይምጡ።»

«የት?» አሉ ጋሼ።

«ማማው ጋ።»

ሁሉም ወደ የኔታ ዞሩ። የኔታ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ። «እኔስ ጥላ ሥር ተቀምጬ የፀሐይ ላይ ሰው የጠበቀውን ልበላ ኖሯል። እሄዳለሁ እንጂ» አሉ። እኔ እልል አልኩ። ለዓመት በዓል እንኳ እንደዚያ እልል ያልኩ አይመስለኝም።

ተራም ወጣ። ጁምዓ ቀን የእስላም ልጆች ቤታቸው ይውላሉ፣ የክርስቲያን ልጆች ሁለቱንም ማማ ይጠብቃሉ፤ እሑድ ደግሞ እኛ። የማዶዎቹ ሌላም ብዙ በዓል አላቸው፤ በእነዚህ ቀኖች ማን ይጠብቅ ሲባል ጋሼ «ወፍ በዓል አያውቅም፤ ወፍ ማባረር ሥራ አይባልም» ብለው ፈረዱ። ለዚህ ፍርድ የማዶዎቹን ቄስ አልጠየቋቸውም፤ እኛም አላስታወስናቸውም።

የኔታ ግን ድምፃቸው ሰላላ ነው። ከማማው ሥር ሆነው ቢጮኹ እላይ አይሰማም፤ አፈሩ ላይ ቢጽፉ ከላይ አይታይም። አንድ ቀን ሙሉ ተቸገሩ። በማግስቱ ከየቤቱ አመድ አስለቅመው በቁና ይዘው መጡ። ከማማው ሥር ያለውን መሬት አስጠረጉና አንዲት ፊደል በአመድ ጻፉ፤ ቁመቷ አንድ የተኛ ሰው ያህላል። ከላይ ሆኜ ሳያት ጥቁሩ አፈር ላይ ነጭ ሆና ተዘርግታለች። ሮቃው ሥር ያሉት ወንዶች እንደዚያ ያለ ፊደል አይተው አያውቁም።

«ምን ትባላለች?» ብዬ ጮህኩ።

«ሀ!» አሉ፤ አልሰማሁም። እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ደገሙ።

«ሀ!» አልኩ እኔ በሙሉ ድምፄ፤ ግሪሳው ከማሽላው ላይ ግር ብሎ ተነሣ።

ጓደኛዬ ከወዲያ ማዶ፣ «ሀ!» አለች። ከዚያ ያለው ወፍም ተነሣ። የኔታ መሬት ላይ ተቀምጠው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወፍ የምናባርረው በፊደል ሆነ። «ሁ!» ስንል ይነሣል፣ «ሂ!» ስንል ይሸሻል። ወፍ ጠባቂ ሁሉ «ሁሽ» ይላል፤ የእኛ ሰፈር ብቻ ሀሁ ይቆጥራል።

ችግር አልጠፋም። ጓደኛዬ ያለችበት ማማ በወዲያ በኩል ስለሆነ ፊደሉ ለእሷ ተገልብጦ ይታያል። እኔ ስጠራው እሷ ሌላ ይመስላታል፤ እንከራከራለን።

«የኔታ፣ ለእሷም ይጻፉላት!» አልኳቸው።

«አንቺ አይተሻል፤ ምን ቸገረሽ?»

«ለእኔ ቀንቶ ለእሷ መገልበጥ አለበት?»

«እናትሽ ምን ብትበላ ነው አንቺን የወለደች?» አሉና ቁናቸውን አንሥተው ማሳውን ዞሩ። ከዚያ ወዲያ ሁለት ጊዜ ይጽፉ ነበር። ማታ ማታ እግራቸው አመድ ለብሶ ሲመለሱ እናቴ ውኃ አሙቃ ትጠብቃቸዋለች።

አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ የመንገዱ ሹም የሆነ ጣልያን በበቅሎ መጣ፤ አንድ ባንዳ አስከትሏል። ጩኸታችን ከመንገዱ ድረስ ተሰምቶ ነው። የኔታ ፊደሉን በእግራቸው አጥፍተው ማጭድ ያዙና ሣር የሚያጭዱ መሰሉ። ሼኹ ከቤታቸው ሮጠው መጡ።

«ምንድነው ይህ ጩኸት?» አለ ባንዳው።

«ወፍ ነው ጌታዬ፤ ልጆቹ ወፍ ያባርራሉ» አሉ ሼኹ።

«ሁሉም አንድ ዓይነት ይጮኻሉ እኮ!»

«ወፉ አንድ ዓይነት ነዋ።»

ጣልያኑ ቀና ብሎ አየኝ። ያን ጊዜ ግሪሳው ወረደ። ምን ላድርግ? «ሀ!» ብዬ ጮህኩ፤ ወፉ ተነሣ። ጣልያኑ ደስ አለው። ባርኔጣውን አውልቆ እያወዛወዘ፣ እሱም «ሀ!» አለ። እኔ «ሁ!» አልኩ፤ እሱም «ሁ!» አለ። እየሳቀ በቅሎውን መልሶ ሄደ። ጥላው ሲጠፋ የኔታ ማጭዱን ጥለው፣

«ሁለት ፊደል አስተምሬ ሰደድኩት፤ ሳይከፍለኝ» አሉ። ሼኹ ከሳቁ ብዛት ጥምጥማቸው ወደቀ።

ማሽላው ደረሰና ደቦ ወጥቶ ታጨደ። ወፍ የወሰደው ጥቂት ነው። የኔታ ከአዝመራው ላይ ለየወፍ ጠባቂዋ አንድ አንድ ራስ በእጃቸው ሰጡን። እኔ በዚያ ጊዜ ፊደሉን ከጫፍ እስከ ጫፍ አውቄ ነበር፤ ቃል ስገጣጥም ግን ገና እንቅፋት ይመታኛል። ወንድሜ መጽሐፋቸውን ይዞ ያነባል፤ እኔ ከጎኑ ሆኜ አንድ ቃል ስይዝ እሱ ገጹን ገልጧል። አንድ ክረምት ብቻ ቢጨመርልኝ እደርስበታለሁ ብዬ በልቤ ይዣለሁ።

የሚቀጥለው ዓመት የዘር ጊዜ ሲመጣ እንደገና ሮቃው ሥር ዱአ ተጠራ። ወንዶቹ ተቀመጡ። ሼኹ እጃቸውን ለዱአ ካነሱ በኋላ መለሱት።

«ወፍ ጠባቂዎቹ የታሉ?» አሉ።

ልጅ ተልኮ ተጠራን፤ እናቶቻችንም አብረው መጡ፤ እስክንደርስ ዱአው አልተጀመረም። እስከ ዛሬ ድረስ ስብሰባ ስጠራ ገብቼ መጀመሪያ የማየው ማን እንደሌለ ነው። የልጅ ልጆቼ ትምህርት ቤት «ተወስኗል፣ አጨብጭቡ» ሲሉኝ እጄን የማላነሳውም ለዚሁ ነው።

ተቀመጥን። ሼኹ ለእኛ ደግ ያሰቡ መስሏቸው እንዲህ አሉ፤ «አምና በእነዚህ ልጆች ላይ በደል ሠርተናል። ዘንድሮ ኩራቱን ትተን ዘንጋዳ እንዝራ። ወፍ አይነካውም፤ ልጆቹም ፀሐይ ላይ አይውሉም።»

«እውነት ነው» አሉ ጋሼ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ።

ዘንጋዳ ከተዘራ ማማ የለም፤ ማማ ከሌለ አመድ የለም። ፊደሉ የተሰጠን በጥበቃው ነው። ጓደኛዬ ክንዴን ጨመቀችው።

«እንዴ! ነጩ ይዘራ እንጂ!» አልኩ።

«አንቺ ልጅ፣ አምና ወረድሽ፣ ዘንድሮ ልውጣ ትያለሽ?» አሉ ሼኹ ተገርመው።

«ለአስተማሪያችን ዘንጋዳ? ነውር አይደለም?»

ሳቅ ሆነ። ጋሼ ግን በቁም ነገር፣ «ልጄ፣ ዘንጋዳው ሥራ ያቀልላችኋል። ትምህርቱን አምና አግኝታችኋል፤ ይበቃችኋል» አሉ።

ይበቃችኋል! አፌን ስከፍት እናቴ ልትቀድመኝ ነበር፤ ግን እሷም ሳትናገር የኔታ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ።

«ይቅርታ አድርጉልኝ» አሉ። «ነገሩን ለመናገር አፍሬ ነበር። ዘንጋዳ ሆዴን ያመኛል።»

የሼኹን ዓይን እናቴ ላይ አየሁት፤ ምክንያቱም ባለፈው ሌሊት የኔታ እኛ ቤት የዘንጋዳ ቂጣ በልተው ድገሙኝ ብለው ነበር፤ ሼኹም አብረው በልተዋል። ሼኹ የኔታን አዩ፤ የኔታ መሬት መሬት ያያሉ፤ ጢማቸው ውስጥ ፈገግታ ይንቀሳቀሳል።

«በጣም ነው የሚያምዎት?» አሉ ሼኹ።

«በጣም።»

«እንግዲህ ሆድ አይታዘዝም» አሉ ሼኹ፤ ሳቃቸውን ውጠው። «ነጩ ይዘራ። ማማውም ይታደስ። ሁለተኛም ማንም ልጅ ይበቃሻል እንዳትባል፤ ፊደሉ እስኪበቃት ድረስ ትማር።»

እናቴ የዘሩን ቁና ከጀርባዋ አውጥታ መሐል ላይ አስቀመጠች፤ ይዛው የመጣችው ነጩን ነበር። ሼኹ እጃቸውን ዘርግተው ዱአውን አደረጉ። አሚን ሲባል ከወንዶቹ ይልቅ የእኛ ድምፅ በለጠ፤ ከሮቃው ላይ ያሉት ወፎችም ግር ብለው ተነሡ።